የአጨዋወት ስልት መምረጥ፦ በክፍል የጥያቄና መልስ ጨዋታ የሚማረው ማን ነው?



የዛሬው ርእሴ በመጀመሪያ ሲሰማ ለዩኒቨርሲቲ መድረክ የማይመጥን ትንሽ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ካሁት፣ ብሉኬት፣ ጊምኪትና (በቀድሞ ስሙ) ኩዊዚዝ የሚባሉ የክፍል ጥያቄና መልስ መተግበሪያዎች እንዳሉ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። መምህሩ ጥያቄዎቹን ያዘጋጃል፤ ተማሪዎቹ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ይመልሳሉ፤ ውጤቱ ወዲያው ይታያል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ግን ለመምህሩ አንድ ገጽ ይቀርብለታል፤ በዚያም ገጽ ላይ ጨዋታው በምን ሥርዓት እንደሚካሄድ እንዲመርጥ ይጠየቃል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሩጥ ወይስ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ይሂድ? በተናጠል ይሁን ወይስ በቡድን? ነጥቡ ለፍጥነት ይሰጥ ወይስ ለትክክለኛነት? ዕድል ይግባበት ወይስ ይቅር? እኔ ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ገጽ ነው።

የማስተማር ልምምድ ላይ ያሉ ተማሪዎቻችንን ለመከታተል ከመገናኛ እስከ አያት፣ ከገርጂ እስከ ጎሮና ቦሌ ቡልቡላ ባሉ ትምህርት ቤቶች እመላለሳለሁ። በዚህ ምልልስ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ይህ ነው፤ መምህሩ ጥያቄዎቹን ለማዘጋጀት አንድ ምሽት ሙሉ ይደክማል፣ የአጨዋወቱን ስልት ግን በሦስት ሰከንድ ይመርጣል። ብዙ ጊዜም የሚመርጠው በገጹ ላይ መጀመሪያ ያገኘውን ወይም ተማሪዎቹ እየጮኹ የጠየቁትን ነው። የእኔ ክርክር ይህ ምርጫ ከጥያቄዎቹ ይዘት ባልተናነሰ ማን እንደሚማርና ማን ተመልካች ሆኖ እንደሚቀር ይወስናል የሚል ነው።

ስለ ቃሉም ጥቂት ልበል። መተግበሪያዎቹ ይህን ምርጫ «ሞድ» ይሉታል፤ መምህራኑም እንዲሁ ይጠሩታል። በከተማችን ወጣቶች አንደበት ግን «ሞድ መያዝ» ማለት በሰው ላይ መሳለቅ ማለት ነው። እኔ «የአጨዋወት ስልት» ማለትን መርጫለሁ፤ ሆኖም የወጣቶቹን ትርጉም ከዚህ ገለጻ ማስወጣት አልፈልግም፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ተቃውሞ መመለስ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። በዚህ ድንጋጤ መካከል ስለ ጨዋታ መናገር ቅንጦት አይደለም ወይ የሚል ባልደረባ አለኝ፤ ዛሬም ከፊት ወንበር ተቀምጧል። መልሴ ጨዋታውን ከሚያስጌጠው ነገር ሁሉ ብንገፈው የሚቀረው ራስን መጠየቅ ነው የሚል ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችንና አንብበው ራሳቸውን የፈተኑ ተማሪዎችን አነጻጸሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በግልጽ በልጠው ተገኙ። ስለዚህ ተማሪን መልስ ከአእምሮው ቆፍሮ እንዲያወጣ ማድረግ ቅንጦት ሊባል አይችልም። የሚያከራክረው፣ በመረጥነው ስልት እያንዳንዱ ተማሪ በእርግጥ ይቆፍራል ወይ የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከሩቅ መነሣት አያስፈልገንም፤ እኛ እንቆቅልሽ እያልን አድገናል። እስቲ እንቆቅልሽን እንደ አንድ የአጨዋወት ስልት እንመልከተው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ፈቃደኝነቱን ይገልጣል። ያለዚህ ፈቃድ ጨዋታው አይጀመርም። ጥያቄው ከቀረበ በኋላ ሰዓት የሚቆጥር የለም፤ ተጠያቂው ያሻውን ያህል ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይሞክራል። ካልሆነለት «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ወይም ሐረርን ሲሰጥ ጠያቂው በተሰጠው አገር ገብቶ ራሱን አንግሦ፣ ተሸናፊውን በቀልድ ሸንቆጥ አድርጎ፣ በመጨረሻ መልሱን ይነግረዋል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ነገሮችን ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ ላልመለሰ ሰው ቅጣት አለ፤ ቅጣቱ ግን የምናብ ነው። የሚታጣው አገር የማንም ያልሆነ አገር ነው፤ ሽንቆጣውም በጨዋታው ወግ የታጠረ ስለሆነ ከምሽቱ አያልፍም። ሁለተኛ፣ የተሸነፈው መልሱን ሳይሰማ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ አገር የሚሰጠው መልሱን ለመግዛት ነውና። ሦስተኛ፣ ተራው ይዞራል፤ ተጠያቂው ጠያቂ ይሆናል። ከእነዚህ ሦስቱ ስንቱ በዛሬዎቹ መተግበሪያዎች ውስጥ ይገኛል? ይህን መለኪያ ይዘን እንሂድ።

በትምህርት ቤቶቻችን የሚታወቀው ሌላው ስልት በወላጆች በዓልና በክፍሎች መካከል የሚካሄደው የጥያቄና መልስ ውድድር ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጎበዝ ተማሪዎች ክፍላቸውን ወክለው መድረክ ላይ ይቀመጣሉ፤ የቀረው ያጨበጭባል። ይህ ስልት ለትምህርት ቤቱ ክብር ጥሩ ነው፤ ለሚያጨበጭበው ተማሪ ዕውቀት ግን ያለው ፋይዳ እጅግ ትንሽ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በሳተላይት የሚሠራጨው የፕላዝማ ትምህርት ገባ። በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ የተማራችሁት በእርሱ ነው። ጥያቄ በስክሪኑ ላይ ይቀርባል፤ ለማሰብ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፤ ተማሪው የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። መምህሩ በመግቢያና በመዝጊያ ካገኛት ጥቂት ደቂቃ በስተቀር ማቆም፣ ማዘግየት፣ መድገም አይችልም ነበር። የፕላዝማን በጎ ጎን የሚያነሡ አሉ፤ ይዘቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት እንዲሆን አድርጓል። እኔ እዚህ የማነሣው ፍጥነትን የመወሰን ሥልጣን ከክፍሉ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ከእርሱ በሚገባ ስለተማርን ነው። ከዚያ ትምህርት በኋላ ያንኑ ሥልጣን በገዛ ጣታችን ለሌላ ማሽን ማስረከብ አይገባንም።

አሁን ወደ ካሁት እንምጣ። ካሁት በኖርዌይ የተወለደ መተግበሪያ ነው፤ በትሮንድሄይም ከተማ በሚገኘው የኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አልፍ ኢንገ ዋንግ ከጀመሩት የምርምር ሥራ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ቀረበ። በተለመደው ስልቱ ጥያቄው በመምህሩ ስክሪን ላይ ይወጣል፤ በተማሪው ስልክ ላይ አራት ባለቀለም ቅርጾች ብቻ ይታያሉ። ለአንድ ጥያቄ የሚሰጠው ከፍተኛ ነጥብ 1000 ነው። በትክክል የመለሰ ተማሪ ነጥቡ በዘገየበት ልክ ይወርዳል፤ በመጨረሻው ሰከንድ የመለሰ ከ1000 ግማሹን ብቻ ያገኛል።

ይህን በቁጥር እንየው፤ የዛሬው ገለጻዬ እምብርት እዚህ ነውና። ለአንድ ጥያቄ 20 ሰከንድ ተሰጥቷል እንበል። አንዱ ተማሪ በ2ኛው ሰከንድ፣ ሌላዋ በ18ኛው ሰከንድ በትክክል መለሱ። እርሱ 950፣ እርሷ 550 ነጥብ ያገኛሉ። አሁን ጨዋታው 10 ጥያቄ አለው እንበል። ፈጣኑ ተማሪ ስድስቱን ብቻ አገኘ፤ አራቱን ሳተ፤ ድምሩ 5700 ነው። አዝጋሚዋ ተማሪ ግን አሥሩንም አገኘች፤ ድምሯ 5500 ነው። በተከታታይ ለመለሰ የሚጨመረውን ነጥብ ለጊዜው እንተወው። አሥር ከአሥር ያገኘችው ልጅ ስድስት ከአሥር ባገኘው ልጅ ተሸንፋ ስሟ ከታች ይጻፋል። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን ሠርቷል። ያዘዘው ግን መምህሩ ነው።

ያቺ ልጅ ለምን ዘገየች? በትሮንድሄይም ክፍል ውስጥ ብትሆን ምናልባት ጠንቃቃ ስለሆነች እንል ነበር። በእኛ አገር ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። በቦሌ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምራ እንግሊዝኛ ስትሰማ ያደገች ልጅና ከክፍለ ሀገር መጥታ በጎሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት የገባች ልጅ ስለ ፎቶሲንተሲስ እኩል ሊያውቁ ይችላሉ። የሃያ ቃል የእንግሊዝኛ ጥያቄን ግን እኩል አያነቡም። የፍጥነት ስልት በተመረጠበት የሥነ ሕይወት ክፍል የሚለካው በከፊል ሥነ ሕይወት፣ በከፊል ደግሞ የእንግሊዝኛ ንባብ ፍጥነት ነው። ሰንጠረዡ ሁለቱን ለይቶ አይነግረንም። ልጅቷ ግን ሥነ ሕይወት አልችልም ብላ ትደመድማለች። የወጣቶቹ «ሞድ መያዝ» የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ አምስቱ መሪዎች ሲታዩ የሌሉት እነማን እንደሆኑ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል።

ይህ የእኔ ብቻ ሥጋት አይደለም። ዋንግና የሥራ አጋራቸው ታሂር እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ካሁት የተደረጉ 93 ጥናቶችን ገምግመው አሳትመዋል። ጨዋታው በትምህርት ውጤት፣ በክፍሉ ሕይወትና በተማሪዎች ስሜት ላይ በጎ ተጽዕኖ እንዳለው ደምድመዋል። ተማሪዎች ካነሷቸው ችግሮች መካከል ደግሞ የማያስተማምን ኢንተርኔት፣ በስክሪን ላይ ለማንበብ የሚያስቸግሩ ጥያቄዎች፣ የሰዓት ጫና፣ የመሸነፍ ፍርሃትና አንዴ ከሳቱ በኋላ ለመድረስ አለመቻል ይገኙባቸዋል። ይህን ዝርዝር ሳነብ በሌላ አህጉር የተጻፈ መሆኑን ረስቼ ነበር። መተግበሪያውን የወለዱት ሰው ራሳቸው ችግሮቹን በግልጽ ማተማቸውም የሚመሰገን ነው።

መፍትሔው ካሁትን መጣል አይደለም። ያንኑ ጥያቄ በ60 ሰከንድ ስጡት። በ2ኛው ሰከንድ የሚመልሰው 983፣ በ18ኛው የምትመልሰው 850 ነጥብ ያገኛሉ። እርሱ በስድስት ትክክለኛ መልስ 5900 ገደማ፣ እርሷ በአሥር 8500 ይሆናል። አንድ ቁጥር ተለወጠ፤ ሰንጠረዡ ተገለበጠ። ይህም ካልበቃ ነጥብን ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል። ፍጥነት ራሱ የትምህርቱ ዓላማ ሲሆን ደግሞ የ20 ሰከንዱ፣ የ10 ሰከንዱም ጨዋታ ተገቢ ነው። የማባዛት ሰንጠረዥ የሚለማመድ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ሰባት ጊዜ ስምንትን ለማሰብ አንድ ደቂቃ መውሰድ የለበትም። የሒሳብ መምህራን በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር አትጣሉ።

ብሉኬት ሌላ ዓለም ነው። እዚህ ጥያቄው በእያንዳንዱ ተማሪ መሣሪያ ላይ ይወጣል፤ ተማሪው በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ በጥያቄዎቹ ላይ የሚደረበው ጨዋታ ግን ብዙ ዓይነት ነው። ተማሪዎች አብዝተው የሚወዱትን የወርቅ ፍለጋ ስልት ልውሰድ። በትክክል የመለሰ ተማሪ ከሦስት ሣጥኖች አንዱን ይከፍታል። ወርቅ ሊያገኝ፣ ያለውን ሊያጣ፣ ከሌላ ተጫዋች ሊሰርቅ ወይም ከሌላው ጋር ሊለዋወጥ ይችላል። ስለዚህ አንደኛ የሚወጣው ብዙ ያወቀው ሳይሆን ዕድል የቀናው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ስልት ያለኝ አስተያየት ከብዙ ባልደረቦቼ ይለያል። እነርሱ ዕድል ትምህርትን ያረክሳል ይላሉ። እኔ ግን ዕድል ሁለት ፊት አለው እላለሁ። ፈረንሳዊው ሮዤ ካዩዋ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው የጨዋታ ጥናቱ ፉክክርንና ዕጣን እንደ ሁለት የተለያዩ የጨዋታ መሠረቶች ለይቷቸዋል። በፉክክር የተሸነፈ ሰው ራሱ ተሸነፈ፤ በዕጣ የተሸነፈ ሰው ግን ዕጣው ተሸነፈ። በወርቅ ፍለጋ ጨዋታ ዝቅተኛ ውጤት ያለው ተማሪ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ተስፋ አለው፤ ተስፋ ያለው ተማሪ ደግሞ ጥያቄ መመለሱን አያቆምም። መለማመድ የሚያስፈልገው እርሱ ነውና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉዳቱ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ ወርቁ ከመልሱ ይልቅ ሲደምቅ ተማሪው ጥያቄውን ሳያነብ እየጫነ ሣጥን ወደ መክፈት ይሮጣል። እኔ ይህን ስልት የምመክረው ለአርብ ከሰዓት በኋላ ክለሳ፣ ያውም ለመጨረሻው ሩብ ሰዓት ነው። በሱ ላይ ተመሥርቶ ማርክ መስጠት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ዕጣን ማርክ አድርጎ መመዝገብ ነውና። ስርቆቱን በተመለከተ ደግሞ አንድ የሥነ ዜጋ መምህር «ሳምንቱን ሙሉ ስለ ታማኝነት አስተምሬ አርብ ዕለት ወርቅ ላሰርቅ?» ብሎ ጠይቆኛል። ልጆች ጨዋታን ከኑሮ ይለያሉ ብዬ አምናለሁ። እርሱ አላመነኝም።

በዚሁ መተግበሪያ ውስጥ ካፌ፣ ፋብሪካና የግንብ መከላከል የሚባሉ ስልቶች አሉ። በካፌው ተማሪው ጥያቄ እየመለሰ የምግብ ክምችቱን ይሞላል፤ ደንበኞችን ያስተናግዳል፤ ባገኘው ገንዘብ ካፌውን ያሳድጋል። ለቦሌ ልጅ ከዚህ የቀረበ ዓለም የለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በሲያትል አካባቢ ጆሽ ፋይንሲልበር የተባለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሠራው ጊምኪትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ትክክለኛ መልስ ገንዘብ ያስገኛል፣ ገንዘቡ የበለጠ የሚያስገኝ አቅም ይገዛል። የእነዚህ ስልቶች ትልቁ ጥቅም ያው ጥያቄ ተመላልሶ መምጣቱ ነው። አንዴ የሳተው ተማሪ ትክክለኛውን አይቶ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ያገኘዋል። ለቃላት፣ ለአገሮች ዋና ከተሞች፣ ለኬሚካል ምልክቶች እጅግ ተስማሚ ናቸው። አንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ማሰብ ለሚጠይቅበት ትምህርት ግን አይሆኑም፤ ካፌው ተጠባባቂ ደንበኛ ሞልቶት ሳለ ማንም ስለ አድዋ ጦርነት መንስኤዎች አያሰላስልም።

ሽንፈት የሚያስወጣበትን ስልት ግን በክፍል ውስጥ አልደግፍም። ሁለት ሁለት ሆነው እየተጋጠሙ የተሸነፈው ከጨዋታ የሚወጣበት ስልት አለ። ቀድሞ የሚወጣው ማን ነው? መለማመድ የሚያስፈልገው ነው። ቀሪውን ጊዜ የሚያሳልፈው በመመልከት ነው። ይህ በወላጆች በዓል መድረክ ላይ ካየነው የጭብጨባ ወንበር አይለይም።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉም ተማሪ መሣሪያ አለው በሚል ግምት ነው። ይህ ግምት ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል እውነት ሊሆን ይችላል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፤ ቢፈቀድለትም የሌለው ብዙ ነው፤ ያለውም ዳታ የሚገዛው ከኪሱ ነው። መብራት ሲሄድ ፕሮጀክተሩም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ለእኛ አገር መምህር የመጀመሪያው ጥያቄ «በዚህ ክፍል ውስጥ ስንት መሣሪያ አለ?» መሆን አለበት። ስለ ፍጥነትና ስለ ዕድል የሚነሣው ሁሉ ከዚያ ይቀጥላል።

አምስት ስልክ ካለ የቡድን ስልት አለ። በካሁት የቡድን ስልት መልስ መስጠት ከመቻሉ በፊት ለመመካከሪያ ጥቂት ሰከንዶች ይሰጣሉ። አምስት ሰከንድ ለምክክር በቂ አይደለም፤ ነገር ግን መምህሩ ጥያቄውን አስቀድሞ በቃል አንብቦ ሁለት ደቂቃ ካወያየ በኋላ ቁልፉን ቢጫን የሚከለክለው የለም። ሌላው የማየው ችግር ስልኩ በማን እጅ ነው የሚለው ነው። ባለስልኩ ልጅ ዳኛም ፈራጅም ይሆናል፤ የቀሩት አራቱ በትከሻው ላይ ያያሉ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ስልኩ ወደ ቀኝ ይለፍ፤ ስልኩን የያዘው ልጅም የቡድኑን ውሳኔ እንጂ የራሱን አይጫን። ይህች ትንሽ ደንብ በየትኛውም መተግበሪያ ገጽ ላይ አትገኝም።

አንድ ስልክ ብቻ፣ ያውም የመምህሩ፣ ካለ ደግሞ ፕሊከርስ የሚባል መተግበሪያ አለ። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ የሆነ ምልክት የታተመበት ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱን ያዞረበት አቅጣጫ ሀ፣ ለ፣ ሐ ወይም መ ማለት ነው። መምህሩ ስልኩን ከፍ አድርጎ ክፍሉን ይቃኛል፤ ስልኩም የማን መልስ ምን እንደሆነ ይመዘግባል። ተራው የካርድ ስብስብ ለ40 ተማሪ፣ ሰፊው ለ63 ተማሪ ነው። በአገራችን ለሁለተኛ ደረጃ ክፍል የተቀመጠው መለኪያ 40 ተማሪ ነው፤ እውነተኛው ቁጥር ከዚያ ሲያልፍ ሰፊው ስብስብ አለ። ወረቀቱ በካርቶን ላይ ቢለጠፍ ዓመት ይቆያል። የአንዱ ምልክት ከሌላው ስለሚለይ ከጎረቤት መቅዳት ያስቸግራል። ሰዓት የለም፣ ሩጫ የለም፣ የሚያፍር የለም። ቀድሞ ኩዊዚዝ ይባል የነበረው መተግበሪያም በቅርብ ዓመታት ተመሳሳይ የወረቀት ስልት ጨምሯል። እኔን ከእነዚህ ሁሉ መርጠህ አንዱን ለመንግሥት ትምህርት ቤት ስጥ ብትሉኝ ያለ ማመንታት የወረቀቱን እሰጣለሁ።

ወረቀቱ ደግሞ በማንም ምናሌ ላይ ላልተጻፈ ስልት በር ይከፍታል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የሆኑት ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የተከተሉት አካሄድ ነው። ጥያቄ ይቀርባል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው አስቦ ይመልሳል። ውጤቱ ለተማሪዎቹ አይገለጥም። በትክክል የመለሱት ከ30 እስከ 70 በመቶ ከሆኑ መምህሩ «አጠገብህ ያለውን አሳምነው» ይላል። ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ ክርክር በኋላ እንደገና ይመለሳል፤ ከዚያ ብቻ መልሱ ይብራራል። ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ተማሪዎቹ የሚከራከሩበት ዕውቀት የላቸውምና መምህሩ ተመልሶ ያስተምራል። ከ70 በላይ ከሆነ ባጭሩ አብራርቶ ያልፋል። በዚህ ስልት ፈጣኑ ተማሪ የሚያገኘው ነጥብ የለም፤ የሚያገኘው የሚያሳምነው ሰው ነው። ክርክሩም በአማርኛ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ቢጻፍም ሁለት ልጆች ስለ ግጭት ኃይል በአማርኛ ሲሟገቱ ፊዚክሱ ከቋንቋው ይለያል፤ ቅድም በ18ኛው ሰከንድ የተውናት ልጅ አፍ የምታወጣውም እዚህ ነው።

ቋንቋን ካነሣሁ የአማርኛ መምህራንን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዶቹ መተግበሪያዎች ተማሪው መልሱን ራሱ እንዲጽፍ የሚያደርግ የጥያቄ ዓይነት አላቸው። ከምርጫ ይልቅ ይህ ይበልጣል፤ መገመት አይቻልምና። ማሽኑ ግን ፊደል በፊደል ነው የሚያነጻጽረው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በጸሎቱ «ጸ» ወይም በፀሐዩ «ፀ» ሊጀመር ይችላል። ሁለተኛው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። ድምፁ አንድ የሆነ አሥራ ሁለት አጻጻፍ ማለት ነው። መምህሩ አንዱን ብቻ ካስገባ አሥራ አንዱ ስሕተት ተብሎ ቀይ ይበራበታል። ትምህርቱ ስለ ሞክሼ ፊደላት ከሆነ ይህ ጥብቅነት መልካም ነው። ትምህርቱ ስለ ሥርዓተ ፀሐይ ከሆነ ግን ግፍ ነው። ተቀባይነት ያላቸውን አጻጻፎች አስቀድማችሁ አስገቡ፤ የማይበቃ ከሆነ ወደ ምርጫ ጥያቄ ተመለሱ።

አሁን ወደ እንቆቅልሹ ሦስተኛ ነገር፣ ወደ ተራው መዞር ልምጣ። ጊምኪት ተማሪዎች ራሳቸው ጥያቄ እየጻፉ የሚልኩበትና መምህሩ የሚቀበልበት ወይም የሚመልስበት ስልት አለው። በእኔ ግምት ከሁሉ የላቀው ይህ ነው፤ ሆኖም በልምምድ ትምህርት ቤቶቻችን ሲሠራበት ያየሁት ከሁሉ ያነሰ ነው። ጥያቄ ለማውጣት ትክክለኛውን መልስ ማወቅ አይበቃም፤ ሰው ሊሳሳት የሚችልበትን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል። የቅኔ ቤታችን ይህን ከጥንት ያውቃል። በቅኔ ቤት ተማሪው የሌላውን ቅኔ በመስማት ብቻ አይመዘንም፤ ለብቻው ተቀምጦ ይቆጥራል፣ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርመዋል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚሸጋገረውም እንደ ብስለቱ ነው፤ ጓደኛው ስለቀደመው አይገፋም፣ ስለዘገየም አይጠብቅም። በዛሬ አነጋገር በራስ ፍጥነት የሚሄድ፣ ተማሪው ራሱ የሚያመርትበት ስልት ነው። አንድ ጥያቄና ሦስት አሳሳች ምርጫዎች በወረቀት ላይ ጽፎ ማስረከብ ኢንተርኔትም አይፈልግ፤ መምህሩ መርጦ ሰኞ ያጫውታቸዋል፤ የማን ጥያቄ ብዙ ሰው እንዳሳሳተም ክፍሉ ያያል።

ከባልደረቦቼ አንዱ ተማሪ በጨዋታ ሲሰለችስ ምን ይሆናል ብሎኛል። ዋንግ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት አንድ ጊዜ ብቻ የተጫወቱ ተማሪዎችንና ለአምስት ወር ያህል በየትምህርቱ የተጫወቱትን አነጻጽረዋል። በግልጽ የቀነሰው ነገር ተማሪዎቹ እርስ በርስ የሚለዋወጡት ሞቅታ ነበር። ትኩረታቸውና ተነሣሽነታቸው ግን ያን ያህል አልወረደም። ጩኸቱ ይቀንሳል ማለት ነው፤ ግድግዳ ለምትጋሩ መምህራን መልካም ዜና ይመስለኛል።

በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ለልምምድ የምትወጡ ተማሪዎቼ የትምህርት ዕቅዳችሁ ቅጽ ላይ አንድ ሳጥን ተጨምሮ ታገኛላችሁ። ጨዋታ የምትጠቀሙ ከሆነ የመረጣችሁትን ስልት፣ ለአንድ ጥያቄ የሰጣችሁትን ሰከንድና የሰከንዱን ምክንያት ትጽፋላችሁ። «ተማሪዎቹ ስለወደዱት» የሚል ምክንያት ቅጹን አያልፍም። ለእያንዳንዳችሁም ተራው የፕሊከርስ ካርድ ስብስብ በፋኩልቲው ማባዣ ክፍል ታትሞ ይጠብቃችኋል፤ ካርቶኑንና ማስቲሹን ግን ከየቤታችሁ አምጡ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ። ከኋላ ወንበር እንጀምር፤ ለማሰብ የፈለጋችሁትን ያህል ጊዜ ውሰዱ።